ለአደን ጠመንጃ መነጽር ቀላል ቀለበት እንዴት ይመረጣል? እንዴትስ ይገጠማል?

ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት

ማረሻው የተሳለ ቢሆን፥ በሬዎቹም ብርቱዎች ቢሆኑ፥ ወገሉ ከላላ እርሻው አይቀናም። ማረሻውንና ድግሩን አንድ አድርጎ የሚይዘው ይህ ትንሽ የብረት ቀለበት ሲወላወል ትልሙ ይጣመማል፤ በሬው ያለ ጥቅም ይደክማል፤ ያላስተዋለ አራሽም ጥፋቱን በበሬው ያላክካል። ብልህ አራሽ ግን ጅራፉን ከማንሣቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ወገሉን ያያል።

በመነጽር በሚተኮስ የአደን ጠመንጃም ነገሩ እንዲሁ ነው። ጠመንጃው ውድ፥ መነጽሩ የጠራ፥ ተኳሹም የተለማመደ ሊሆን ይችላል። መነጽሩን ከጠመንጃው ጋር የሚያይዙት ሁለት ቀለበቶች ከላሉ ግን የሦስቱም ዋጋ ከንቱ ነው። በዚህ ትምህርት ቀላል ቀለበት እንዴት እንደሚመረጥና እንዴት እንደሚገጠም እናያለን። ከሁሉ አስቀድሞ በልባችን ልንይዘው የሚገባው ቃል ይህ ነው፤ የቀለበት ጥንካሬ ከክብደቱ ይልቅ ከልኩና ከአገጣጠሙ ይመጣል። ልኩን የጠበቀና በሥርዓት የተገጠመ ቀላል ቀለበት፥ በግዴለሽነት ከታሰረ ከባድ ቀለበት ይበልጣል።

ይህ ትምህርት ለማን ይጠቅማል?

በባሌና በአርሲ ደጋ፥ እንዲሁም በሌሎች ቦታዎች፥ በሕግ የተከለሉ የአደን ቀበሌዎች አሉ። በእነዚህ ቀበሌዎች አዋሳኝ የሚኖር ገበሬ የራሱ ጠመንጃ ባይኖረውም ከአደን ሥራ ጋር ይገናኛል። አንዱ መንገድ መሪ፥ አንዱ ዱካ ፈላጊ፥ አንዱም ጭነት በፈረስና በበቅሎ አጓጓዥ ሆኖ ይቀጠራል። ጠመንጃው የእንግዳው ነው፤ እንስሳው ቆስሎ ካመለጠ ግን ደሙን ተከትሎ ወደ ቁጥቋጦው ቀድሞ የሚገባው የመንደሩ ሰው ነው። የቆሰለ ነብር ወይም ከርከሮ በሰው ላይ እንደሚመለስ ዱካ ፈላጊ ሁሉ ያውቀዋል። ቆስሎ ያመለጠ ደጋ አጋዘን ደግሞ ሰው ባያጠቃም በጫካ ሲማቅቅ ቆይቶ ይሞታል። ይህ እንስሳ ከአገራችን ደጋ በቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኝም፤ የመጥፋት አደጋም አለበት። አንዱ እንኳ በከንቱ ሲሞት ጉዳቱ የአገር ነው።

ስለዚህ ቀለበት መመርመርን ማወቅ ለጠመንጃው ባለቤት ብቻ የተተወ ጉዳይ አይደለም። ከአዳኝ ጋር ጫካ የሚገባ ሁሉ፥ ከተኩስ በፊት “ጌታዬ፥ ይህ ብሎን ላልቷል” ብሎ ለመናገር የሚያስችለው ዕውቀት ሊኖረው ይገባል።

ማሳሰቢያ። በአገራችን የጦር መሣሪያ አያያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012፥ የዱር እንስሳት ጥበቃና አጠቃቀምም በራሱ አዋጅ ይመራል። ጠመንጃ ያለ ፈቃድ መያዝ፥ የዱር እንስሳም ያለ ፈቃድ ማደን ያስቀጣል። መነጽር በጠመንጃችሁ ላይ ለመግጠም ብታስቡ አስቀድማችሁ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ጠይቁ። አውሬ ሰብል ቢያጠፋባችሁም በራሳችሁ ሥልጣን ከመተኮስ ይልቅ ለወረዳው የዱር እንስሳት ወይም የግብርና ጽሕፈት ቤት አመልክቱ።

1. የቀለበቱ ክፍሎችና ሥራቸው

መነጽሩ በጠመንጃው ላይ የሚቀመጠው በሦስት ነገሮች ነው። ከታች በኩል በጠመንጃው አካል ላይ በብሎን የሚታሰር መቀመጫ አለ። በመቀመጫው ላይ የቀለበቱ የታችኛው ግማሽ ይያያዛል። መነጽሩ በዚህ ግማሽ ላይ ከተጋደመ በኋላ ከላይ የቀለበቱ ክዳን ተጭኖ በሁለት ወይም በአራት ትንንሽ ብሎኖች ይጠበቃል። አንድ ቀለበት ወደ አፈሙዙ በኩል፥ አንዱ ወደ ተኳሹ ዓይን በኩል ይሆናል። መቀመጫውና የቀለበቱ የታችኛው ግማሽ ከአንድ ወጥ ብረት የተሠሩበት ዓይነትም አለ። ይህ ዓይነት መጋጠሚያው ስለሚቀንስ ክብደቱም፥ ሊላላ የሚችለው ቦታም ያነሰ ነው።

ቀለበቶቹ የሚሸከሙት ሸክም ቀላል መስሎ ይታያል። አንድ መነጽር 400 ግራም ያህል ቢመዝን ማንም በሁለት ጣት ያነሣዋል። ጥይቱ ሲተኮስ ግን ጠመንጃው በድንገት ወደ ኋላ ይገፋል፤ መነጽሩ ደግሞ ባለበት ሊቀር ይፈልጋል። እንደ 30-06 ያለ ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ በጥቂት ሺህኛ ሰከንድ ውስጥ በሰከንድ 3 ሜትር ያህል የሚደርስ ፍጥነት ያገኛል። ይህ ፍጥነት በ2 ሺህኛ ሰከንድ ተገኘ ብለን ብናሰላው፥ ያ 400 ግራም መነጽር በዚያች ቅጽበት ቀለበቶቹን የሚጎትተው 60 ኪሎ እንደሚመዝን ዕቃ ነው። መነጽሩ 800 ግራም ከሆነ ጭነቱ 120 ኪሎ ይሆናል፤ ይኸውም ከአንድ ኩንታል ይበልጣል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ ቀለበቱ መነጽሩን አጥብቆ መያዝ አለበት። ሁለተኛ፥ መነጽሩ በከበደ መጠን የቀለበቱ ሥራ ይበዛል። እንግዲህ ክብደት ለመቀነስ የሚፈልግ ሰው ከቀለበቱ በፊት መነጽሩን ይመልከት። የፊት መስታወቱ 56 ሚሊሜትር ከሆነ ከባድ መነጽር ይልቅ 40 ሚሊሜትር የሆነ ቀላል መነጽር ቢመርጥ፥ ለትከሻውም ለቀለበቱም ዕረፍት ይሰጣል።

2. የወረቀት ውፍረት የሚያመጣው ጥፋት

ሁለቱ ቀለበቶች በመካከላቸው 10 ሳንቲሜትር ርቀት አላቸው እንበል። አንደኛው ቀለበት በ0.1 ሚሊሜትር፥ ማለትም በአንድ ተራ ወረቀት ውፍረት ያህል፥ ከቦታው ቢነቃነቅ ምን ይሆናል? ሂሳቡ ቀላል ነው። 0.1 ሚሊሜትር ለ100 ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ስለዚህ በ100 ሜትር ርቀት ላይ ጥይቱ መነጽሩ ካሳየው ቦታ 10 ሳንቲሜትር ይርቃል። በ200 ሜትር 20 ሳንቲሜትር፥ በ300 ሜትር 30 ሳንቲሜትር ይሆናል።

በትከሻው በኩል ልቡና ሳንባው ላይ የተነጣጠረ ጥይት በ20 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ሲስት ሆድቃ ውስጥ ይገባል። ልቡን የተመታ እንስሳ ወዲያው ይወድቃል ወይም ጥቂት ሮጦ ይወድቃል፤ ሆዱን የተመታው ግን ለብዙ ሰዓት ይሄዳል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በቀለበቱ ላይ የአንድ ወረቀት ውፍረት ነው። ዱካ ፈላጊው ሌሊት በጉም ውስጥ ሲንከራተት የሚያድረው በዚህች ወረቀት ምክንያት ሊሆን ይችላል።

3. ቀለበት ሲመረጥ የሚታዩ አራት ነገሮች

ሀ. የመነጽሩ ቧንቧ ስፋት። የመነጽር ቧንቧ በብዛት የሚሠራው በ25.4 ሚሊሜትር ወይም በ30 ሚሊሜትር ስፋት ነው፤ 34 ሚሊሜትር የሆነም አለ። ቀለበቱ ከቧንቧው ጋር አንድ ልክ መሆን አለበት። ሰፊውን ቀለበት በወረቀት፥ በጨርቅ ወይም በጎማ ጠቅጥቆ ጠባቡን መነጽር ማሰር ፈጽሞ አይገባም። ጥቅጥቁ በተኩስ ብዛት ይሟሽሻል፤ መነጽሩም ይንሸራተታል።

ለ. ከፍታ። ቀለበት ዝቅተኛ፥ መካከለኛና ከፍተኛ እየተባለ ይሸጣል። የሁሉም ሠሪ ልክ አንድ ስላልሆነ በስሙ ብቻ መግዛት ያሳስታል፤ መለካት ይሻላል። የመነጽሩ ፊት ውጫዊ ስፋቱ 47 ሚሊሜትር፥ ቧንቧው 25.4 ሚሊሜትር ነው እንበል። 47 ሲቀነስ 25.4፥ 21.6 ይሆናል፤ ግማሹ 10.8 ነው። ይህ ማለት የመነጽሩ ፊት ከቧንቧው ሆድ በ10.8 ሚሊሜትር ወደ ታች ይወርዳል ማለት ነው። ከአፈሙዙ ጋር እንዳይነካካ 3 ሚሊሜትር ክፍት ቦታ እንጨምር። እንግዲህ የቧንቧው ሆድ ከአፈሙዙ ጀርባ ቢያንስ በ14 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት። መነጽሩ አፈሙዙን ከነካ በእያንዳንዱ ተኩስ ይገጫል።

ከሚበቃው በላይ ከፍ ማድረግም ጥሩ አይደለም። ከፍ ያለ ቀለበት በራሱ ከባድ ነው። ከዚህም በላይ ተኳሹ ጉንጩን ከሰደፉ ላይ አንሥቶ አንገቱን እንዲያንጠራራ ያስገድደዋል፤ ጉንጭ ካላረፈ ዓይንም አይረጋም። ስለዚህ ደንቡ እንዲህ ነው፤ መነጽሩ አፈሙዙን ሳይነካ፥ ጥይት ማጉረሻው እጀታም ሲከፈት መነጽሩን ሳይመታ፥ በተቻለ መጠን ዝቅ ያለው ቀለበት ይመረጥ።

ሐ. ከመቀመጫው ጋር መስማማቱ። ቀለበቱ ከመቀመጫው ጋር አንድ ዓይነት መሆን አለበት። በዓለም ላይ ከተለመዱት መቀመጫዎች አንዱ የዊቨር መቀመጫ ይባላል። ስሙን ያገኘው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930 የመነጽር ሥራ ከጀመረው ከአሜሪካዊው ዊልያም ዊቨር ነው። ሁለተኛው ፒካቲኒ ይባላል፤ የአሜሪካ ጦር በ1995 ልኩን በደንብ የወሰነው ነው። የሁለቱ መልክ ይመሳሰላል። ነገር ግን የዊቨር ጎድጎድ ስፋቱ 4.6 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን፥ የፒካቲኒው 5.2 ሚሊሜትር ያህል ነው። ስለዚህ የዊቨር ቀለበት በፒካቲኒ መቀመጫ ላይ ብዙውን ጊዜ ይገባል፤ የፒካቲኒ ቀለበት ግን በዊቨር መቀመጫ ላይ ላይገባ ይችላል። መቀመጫው በጠመንጃው ላይ አብሮ የተቀረጸበት ጠመንጃም አለ፤ ለምሳሌ በቼክ አገር የተሠራው ሲዜድ 550 የራሱ 19 ሚሊሜትር ስፋት ያለው መቀመጫ ስላለው ለእርሱ የተሠራ ቀለበት ይፈልጋል። አልገባ ያለውን ቀለበት በሞረድ ሞርዶ ማስገባት ገንዘብንም ጠመንጃንም ማበላሸት ነው።

መ. የተሠራበት ብረት። ቀላል ቀለበት አብዛኛውን ጊዜ ከአሉሚኒየም ይሠራል። አንድ ዓይነት ቅርጽ ካላቸው ሁለት ቀለበቶች የአሉሚኒየሙ የብረቱን ሲሶ ያህል ብቻ ይመዝናል። በገበያ የሚገኝ ጥንድ የአሉሚኒየም ቀለበት በብዛት ከ60 እስከ 120 ግራም፥ የብረቱ ደግሞ ከ150 እስከ 250 ግራም ነው። አሉሚኒየም ሁሉ ግን አንድ አይደለም። 7075 የሚል ቁጥር ያለው ቅይጥ፥ 6061 ከሚለው በጥንካሬ በጣም ይበልጣል። ሠሪው ምን ዓይነት ቅይጥ እንደ ሆነ ያልጻፈበትን፥ ጠርዙ ያልተስተካከለውን፥ የብሎኑ ጥርስ የሻከረውን ርካሽ ቀለበት አትግዙ።

እንግዲህ ጥቅሙን እንመዝን። ከ200 ግራም የብረት ቀለበት ወደ 80 ግራም የአሉሚኒየም ቀለበት የተሻገረ ሰው 120 ግራም አተረፈ። ይህ የአራት ወይም የአምስት 30-06 ጥይት ክብደት ያህል ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ዳገት ቀኑን ሙሉ ለሚወጣ ሰው ጥቂትም ቢሆን ጥቅም አለው፤ በተለይም ክብደቱ ከጠመንጃው ላይኛ ክፍል ስለሚቀነስ ጠመንጃው በእጅ ላይ አይዋልልም። ነገር ግን ጠመንጃው እንደ 375 ኤች ኤንድ ኤች ያለ ብርቱ ጥይት የሚተኩስ፥ መነጽሩም ከባድ ከሆነ፥ በዚህች 120 ግራም አትጨክኑ፤ የብረቱን ቀለበት መምረጥ ይሻላል። በሬውን እንደ መሬቱ ነውና የሚመርጡት።

4. አገጣጠም

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች እነዚህ ናቸው፤ ለብሎኖቹ ልክ የሆነ መፍቻ፥ ንጹሕ ጨርቅ፥ ጥቂት አልኮል፥ ትንሽ ውሃ ልክ፥ የግንበኛ ቱንቢ፥ ቢገኝ ኃይል መለኪያ ያለው መፍቻ፥ ባይገኝ ባለ ሞላ ተንጠልጣይ ሚዛን።

አንደኛ፥ ጠመንጃውን ባዶ ማድረግ። ጥይቱ ከመጋዘኑም ከመጉረሻውም ይውጣ። በዓይን ታይቶ፥ በጣት ተዳስሶ ይረጋገጥ። ጥይቶቹ ከሥራው ቦታ ይራቁ። አፈሙዙ በማንኛውም ጊዜ ወደ ሰው አይዙር።

ሁለተኛ፥ ማጽዳት። የብሎን ቀዳዳዎቹ፥ መቀመጫውና የቀለበቶቹ የውስጥ ገጽ ከዘይትና ከአቧራ በአልኮል ይጽዱ። በቀለበቱና በቧንቧው መካከል ቅባት መኖር የለበትም፤ ቅባት ለዝገት መድኃኒት ቢሆንም ለመንሸራተት መንገድ ነው።

ሦስተኛ፥ መቀመጫውን ማሰር። መቀመጫው በጠመንጃው ላይ ሲቀመጥ ሳይንገዳገድ መግጠም አለበት። ከሥሩ ክፍተት ቢታይ በብሎን ኃይል ለማስጠጋት አትሞክሩ፤ መቀመጫው ይጎብጣል፤ መነጽሩንም ያጎብጠዋል። ብሎኖቹ እንዳይረዝሙም ተጠንቀቁ። የፊተኛው ብሎን ከረዘመ አፈሙዙ የታሰረበትን ጥርስ ሊነካ፥ ወይም ማጉረሻው እንዳይዘጋ ሊከለክል ይችላል። ካሰራችሁ በኋላ ማጉረሻውን ከፍታችሁ ዝጉና እንደ ቀድሞው መንቀሳቀሱን እዩ። በብሎኑ ጥርስ ላይ አንዲት ጠብታ ኋላ ሊፈታ የሚችል የብሎን ማጣበቂያ ማድረግ ይጠቅማል።

አራተኛ፥ የቀለበቱን ታች ማያያዝ። መቀመጫው ጎድጎድ ያለው ከሆነ ቀለበቱን ወደ አፈሙዙ በኩል ገፍታችሁ ከጎድጎዱ ፊተኛ ግድግዳ ጋር አስጠግታችሁ እሰሩ። በተኩስ ጊዜ መነጽሩ ወደ ፊት ለመሄድ ስለሚታገል፥ ከመጀመሪያው ካስጠጋችሁት የሚሄድበት ቦታ አያገኝም።

አምስተኛ፥ ሁለቱ ቀለበቶች ትይዩ መሆናቸውን መመልከት። መነጽሩን በቀስታ አጋድሙት። በሁለቱም ቀለበቶች ላይ እኩል ማረፍ አለበት። በአንደኛው በኩል ብርሃን ከታየ ወይም መነጽሩ እንደ ሚዛን ከተወዛወዘ ቀለበቶቹ ጠማማ ናቸው። እንዲህ ባለ ጊዜ ክዳኑን ጨቁኖ ማሰር የመነጽሩን ቧንቧ ይሰብራል ወይም ያጣምማል። ቀለበቶቹን ማገላበጥ ወይም ቦታ ማለዋወጥ አንዳንድ ጊዜ ያስተካክለዋል፤ ካልሆነ ለጠመንጃ ጠጋኝ ማሳየት ወይም ቀለበቱን መለወጥ ነው።

ስድስተኛ፥ የዓይን ርቀት። ክዳኖቹን ላላ አድርጋችሁ ግጠሙ። ተኳሹ ዓይኑን ጨፍኖ ጠመንጃውን በትከሻው ያድርግ፥ ከዚያም ዓይኑን ይግለጥ። ጥቁር ጥላ ሳይኖር ሙሉ ክብ ብርሃን ካየ ርቀቱ ልክ ነው። ካላየ መነጽሩ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይንሸራተት። በብዙ የአደን መነጽር ይህ ርቀት ከ8 እስከ 10 ሳንቲሜትር ነው። መነጽር እጅግ ወደ ዓይን የቀረበ እንደ ሆነ ጠመንጃው ሲገፋ የቅንድብን አጥንት ይፈነክታል። ይህ በተለይ ወደ ዳገት ሲተኮስ ይደርሳል፤ ዓይን ያን ጊዜ ወደ መስታወቱ ይጠጋልና። ስለዚህ ተኳሹ ቆሞም፥ ተኝቶም፥ ወደ ላይ አነጣጥሮም ይሞክረው።

ሰባተኛ፥ መስቀሉን በቱንቢ ማቅናት። በመነጽሩ ውስጥ የሚታየው መስቀለኛ መስመር መዝመም የለበትም። ውሃ ልኩን በመቀመጫው ላይ አድርጋችሁ ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስተካክሉ። ከ20 እስከ 25 ሜትር ራቅ ባለ ቦታ ላይ ቱንቢውን በነጭ ክር ስቀሉ። ነፋስ በሌለበት ሰዓት በመነጽሩ ውስጥ እያያችሁ፥ የመስቀሉ ቋሚ መስመር ከቱንቢው ክር ጋር አንድ እስኪሆን ድረስ መነጽሩን በቀለበቱ ውስጥ በቀስታ አዙሩት። ግድግዳ የሚያቆመው ቱንቢ ለዚህም ታማኝ ዳኛ ነው።

ስምንተኛ፥ ክዳኑን ማጥበቅ። አንዱን ብሎን ጨርሶ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ስሕተት ነው። ብሎኖቹ በየተራ፥ በመስቀል አቅጣጫ፥ ጥቂት በጥቂት ይጥበቁ። በክዳኑና በታችኛው ግማሽ መካከል ያለው ክፍተት በግራም በቀኝም እኩል ይሁን።

የጥብቀቱ ልክ ሠሪው በሰጠው ወረቀት ላይ ይገኛል። ለብዙ የአሉሚኒየም ቀለበት ክዳን ልኩ ከ1.7 እስከ 2 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። ኃይል መለኪያ ያለው መፍቻ ከሌለ እንዲህ አድርጉ። ከብሎኑ መካከል እስከ መጎተቻው ድረስ 10 ሳንቲሜትር የሆነ መፍቻ ያዙ። ባለ ሞላውን ሚዛን በመፍቻው ጫፍ አንጠልጥላችሁ፥ ከመፍቻው ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን በሚሠራ አቅጣጫ ጎትቱ። ሚዛኑ 2 ኪሎ ሲያሳይ ብሎኑ 2 ኒውተን ሜትር ያህል ጠብቋል ማለት ነው፤ ከዚያ አትለፉ። ለመቀመጫው 3.5 ሚሊሜትር ውፍረት ላላቸው ብሎኖች ደግሞ 2.5 ኪሎ ያህል ይበቃል።

ብዙ ሰው “ይበልጥ ቢጠብቅ ይበልጥ ይሻላል” ይላል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ከልክ በላይ የጠበቀ ቀለበት ቧንቧውን ይጨፈልቃል፤ በውስጡ ያሉት መስታወቶች እንዳይንቀሳቀሱ ያንቃቸዋል፤ የአሉሚኒየሙንም ጥርስ ይልጠዋል። ጥርሱ የተላጠ ብሎን የጠበቀ እየመሰለ ምንም አይዝም።

ዘጠነኛ፥ ምልክት ማድረግ። ሥራው ሲያልቅ በእያንዳንዱ ብሎን ራስና በክዳኑ ላይ የሚያልፍ ቀጭን መስመር በጥፍር ቀለም አስምሩ። ብሎኑ ቢላላ መስመሩ ይከፈላል። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው፥ መፍቻ ሳይዝ፥ በዓይኑ ብቻ መላላቱን ያውቃል።

5. በዒላማ መፈተን

መነጽሩ ስለ ተገጠመ ብቻ ጥይቱ የሚታየው ቦታ ላይ አይሄድም፤ በዒላማ መስተካከል አለበት። ይህ በተፈቀደ ቦታ፥ ከዒላማው በስተ ኋላ ጥይቱን የሚያስቀር የአፈር ጉብታ ባለበት፥ ሰውና ከብት በማይደርሱበት ይደረግ። መጀመሪያ በ25 ሜትር፥ ቀጥሎ በ100 ሜትር ይተኮሳል። በየጊዜው ሦስት ጥይት በአንድ ቦታ ላይ ተነጣጥሮ ይተኮስና የሦስቱ ማዕከል ከዒላማው ምን ያህል እንደ ራቀ ይለካ። የመነጽሩ ማስተካከያ አንድ ጊዜ ጠቅ ሲል በብዙ መነጽር በ100 ሜትር 7 ሚሊሜትር ያህል ያንቀሳቅሳል፤ በሌሎቹ ላይ 1 ሳንቲሜትር ነው። በ25 ሜትር ግን የዚህ ሩብ ብቻ ስለሚያንቀሳቅስ አራት እጥፍ ጠቅታ ያስፈልጋል።

ሦስቱ ጥይቶች ተቀራርበው ነገር ግን ከዒላማው ርቀው ከመቱ ማስተካከያውን ማዞር ነው። አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ ከተበታተኑ ግን ማስተካከያውን አትንኩ። መጀመሪያ የመቀመጫውን ብሎኖች፥ ቀጥሎ የቀለበቶቹን መርምሩ። ወገሉን ሳያዩ በሬውን መግረፍ ማለት ይህ ነውና።

6. በጉዞ ጊዜ

ጠመንጃ በበቅሎ ሲጫን ባዶ ይሁን፤ በማኅደሩ ውስጥ ሆኖ መነጽሩ ወደ ላይ ይሁን፤ ገመድ በመነጽሩ ላይ አይለፍ። ጠመንጃውን መነጽሩን ይዞ ማንሣትና በመነጽሩ አስደግፎ ማቆም አይገባም። ሠፈር ሲደረስ የጥፍር ቀለሙ መስመር ይታይ። ጠመንጃው ከወደቀ ወይም በቅሎው ከተሰናከለ፥ ምንም የተጎዳ ነገር ባይታይም፥ ከአደን በፊት በዒላማ እንደ ገና ይፈተን። ለመፈተኛ የሚጠፉ ሁለት ወይም ሦስት ጥይቶች፥ ቆስሎ ከሚጠፋ እንስሳና አደጋ ላይ ከሚወድቅ ዱካ ፈላጊ ጋር ሲነጻጸሩ ዋጋቸው ኢምንት ነው።

ለልማት ሠራተኞች

ይህን ትምህርት ያለ ጠመንጃ ማሳየት ይቻላል። ግማሽ ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ የፕላስቲክ ቧንቧ፥ አንድ ሳንቃና እኩል ከፍታ ያላቸው ሁለት የእንጨት ድጋፎች አዘጋጁ። ድጋፎቹን በሳንቃው ላይ በመካከላቸው 10 ሳንቲሜትር ርቀት አድርጋችሁ ትከሉና ቧንቧውን አጋድሙባቸው። በቧንቧው ሁለት ጫፎች መስቀለኛ ክር ወጥሩ። በ10 ሜትር ርቀት ላይ ግድግዳ ላይ ነጥብ አድርጉና ሁለቱ መስቀሎች ከነጥቡ ጋር እስኪገጥሙ ድረስ ሳንቃውን አስተካክሉ። ከዚያም በፊተኛው ድጋፍ ላይ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ካርቶን ከቧንቧው ሥር አግቡ። ገበሬዎቹ በየተራ ይመልከቱ፤ መስቀሉ ከነጥቡ 10 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ያገኙታል። በአንድ ሚሊሜትር የመጣውን ልዩነት በዓይኑ ያየ ሰው፥ ከዚያ ወዲያ የላላ ብሎን አይቶ ዝም አይልም።

ማጠቃለያ

ቀለበቱ ልኩ የሆነ፥ ዝቅ ያለ፥ ከመቀመጫው ጋር የሚስማማ ይሁን። ክብደት የሚቀነሰው መያዝ እስካልቀነሰ ድረስ ነው። በንጽሕና ይገጠም፤ በመስቀል ይጥበቅ፤ ከልክ አይለፍ፤ ምልክት ይደረግበት፤ በዒላማ ይፈተን።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. የመነጽሩ ፊት ውጫዊ ስፋት 50 ሚሊሜትር፥ ቧንቧው 30 ሚሊሜትር ቢሆን፥ 3 ሚሊሜትር ክፍት ቦታ ጨምራችሁ የቧንቧው ሆድ ከአፈሙዙ ጀርባ ቢያንስ ምን ያህል ከፍ ይላል? (መልስ፦ 13 ሚሊሜትር።)

2. ቀለበቱ ወደ ጎድጎዱ ፊተኛ ግድግዳ የሚጠጋው ስለ ምንድን ነው?

3. 10 ሳንቲሜትር ከተራራቁት ቀለበቶች አንዱ በ0.2 ሚሊሜትር ቢነቃነቅ፥ ጥይቱ በ150 ሜትር ላይ ምን ያህል ይስታል? (መልስ፦ 30 ሳንቲሜትር።)

4. ሦስት ጥይቶች ቢበታተኑ መጀመሪያ የሚመረመረው ምንድን ነው?

5. በመንደራችሁ ከአዳኞች ጋር የሚሠሩት እነማን ናቸው? ይህን ትምህርት ለማን ታካፍሉታላችሁ?